የሐረጎን ዳገት በወጣሁ ቁጥር ለምን ታፈሳለች? ስለ አንዲት ትንሽ ቬፕ (ኤሌክትሮኒክ ሲጋራ) ጠይቄ ያገኘኋቸው 31 መልሶች

ሰላም ለሁላችሁም። ጥያቄውን የጻፍኩት እኔ ነኝ። መልሶቹ በዝተው ተዘበራርቀዋል። አዲስ የሚገባ ሰው እንዳይቸገር ከመነሻው ጀምሬ ልንገራችሁ።

የሚኒባስ ሾፌር ነኝ፤ ከኮምቦልቻ ደሴ እመላለሳለሁ። ለ14 ዓመት ሲጋራ አጭሻለሁ። መናኸሪያ ተራ ስጠብቅ አንድ፣ ወደ ደሴ የሚወስደውን የሐረጎን ዳገት ወጥቼ ስጨርስ አንድ፣ ማታ ሒሳብ ስዘጋ አንድ እያልኩ በቀን አንድ ፓኮ ደረስኩ። አንድ ጠዋት ጎማ ስቀይር ትንፋሽ አጠረኝ። ክሪኩን እንደያዝኩ መንገድ ዳር ቁጭ አልኩ። ጎማውን ረዳቴ ጨረሰው። የ20 ዓመት ልጅ ነው። ምንም አላለኝም፤ ግን አይቶኛል።

ይህንን ዱባይ ለምትሠራው እህቴ በስልክ ነገርኳት። እዚያ ቬፕ እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ በሕግ ይሸጣል። ሁለት ወር ሳይሞላ በሰው እጅ አንዲት ትንሽ እቃ ላከችልኝ። ከላይተር ትንሽ ትረዝማለች፤ ሸሚዝ ኪስ ውስጥ ትገባለች። ባትሪዋ 690 ሚሊ አምፒር ሰዓት ነው፤ በታይፕ ሲ ቻርጅ ይደረጋል። ከላይ የሚሰካው ፖድ 2 ሚሊ ሊትር ፈሳሽ ይይዛል። ከፖዱ ሥር የሚገባው፣ ግሎ ፈሳሹን እንፋሎት የሚያደርገው ኮይል 0.8 ኦም ነው፤ ኃይሏ እስከ 15 ዋት ይደርሳል። ፈሳሹ ሲያልቅ ትሞላለህ። ኮይሉ ሲቃጠል እሱን ብቻ አውጥተህ ሌላ ትከታለህ። እህቴ 10 ኮይልና ስምንት ባለ 10 ሚሊ ሊትር ብልቃጥ ጨምራበታለች። ስድስቱ በሚሊ ሊትር 20 ሚሊ ግራም ኒኮቲን አላቸው፤ ሁለቱ 10።

አምስት ሳምንት ሞከርኳት። የነዳጅ ሒሳብ በምይዝበት ደብተር ጀርባ በየቀኑ ጻፍኩ። በቀን 20 የነበረው ሲጋራ በሳምንት 8 ወይም 9 ሆኗል። ደረጃ ስወጣ አልቆምም። ስለዚህ ከ10 ሰባት ነጥብ ሰጠኋት። ሦስቱን የቀነስኩት በማፍሰሷ ነው። ኮምቦልቻ ሞልቼ ደሴ ስደርስ ሸሚዜ ኪስ ላይ የሚጣበቅ እርጥበት አገኛለሁ፤ ከናና ሽታው ጋር። ስወርድ ግን ጠብ አትልም። ችግሩ ከእቃዋ ነው ከእኔ? ጥያቄዬ ይኸው ነበር።

መልስ 1 የመጣው ከወልዲያ ነው። ወንድማችን የሚያውቀው ነገር እንደሌለ በትሕትና ገልጾ፣ ከሲጋራው ጨርሶ እንድገላገል ዱአ አድርጎልኛል። አላህ ይስጠው፣ ያን ቀን ደስ አለኝ።

መልስ 2 የደሴ ልጅ ነው። እንደ ሲጋራ በኃይልና ቶሎ ቶሎ እየሳብኩ መሆን አለበት የሚል ግምት አቀረበ። ኃይለኛ ስበት ፈሳሹን በኮይሉ በኩል ወደ አየር መውጫው ይጎትተዋል። ሦስት ሰከንድ ያህል ቀስ ብዬ እንድስብ መከረኝ። ትክክል ነበር። ስትሳብ የሚሰማው የጉርጉር ድምፅ በዚያው ቀን ቀረ። የደሴው ፍሳሽ ግን አልቀረም።

መልስ 3 ስልክ ጠጋኝ ነው። ኮይሉ ላይ ያሉትን የላስቲክ ቀለበቶች እንዳይ ነገረኝ። ማታ ልጆቹ ሲተኙ ከረከቦቱ አጠገብ ሶፍት አንጥፌ ፈታኋት። ኮይሉ የትንሿን ጣት ጫፍ የሚያህል የብረት ቱቦ ነው። በጎኑ ቀዳዳዎች አሉት፤ በቀዳዳዎቹ ጥጥ ይታያል። ከውስጥ እንደ ወንፊት የተበሳሳ ስስ ብረት አለ፤ የሚግለው እሱ ነው። የአዲሱ ጥጥ እንደ ፈትል ነጭ ነው። ያወጣሁት ግን የጀበና አተላ መስሏል፤ ስኳር ሲያር የሚወጣውን ሽታ ይሸታል። ቀለበቶቹን በጥፍሬ ዞርኳቸው። አልተቀደዱም፣ አልተጣመሙም።

ይህን ጽፌ ስመልስለት ሁለት ነገር ጨመረልኝ። የጠቆረው ፈሳሹ ውስጥ ያለው ማጣፈጫ ኮይሉ ላይ እያረረ ስለሚጋገር ነው። ፈሳሹ በጣፈጠ ቁጥር የኮይሉ ዕድሜ ያጥራል። ደግሞ አዲስ ኮይል ሲገባ ጥጡ ላይ ሁለት ጠብታ አድርጎ፣ ፖዱን ሞልቶ፣ 10 ደቂቃ መጠበቅ ያስፈልጋል። የመጀመሪያውን ኮይሌን በአንድ ሰዓት ውስጥ ያቃጠልኩት ለምን እንደሆነ ያኔ ገባኝ። ሰክቼ ወዲያው ነበር የሳብኩት። ደረቅ ጥጥ ሲቃጠል ጉሮሮን እንዴት እንደሚልጥ የቀመሰው ያውቀዋል።

መልስ 4 ላይ ነገሩ ተለወጠ። ሰላምታ የለው፣ ምን የለው። በምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ኤሌክትሮኒክ ሲጋራ ማስመጣት፣ ማከፋፈልና መሸጥ እንደተከለከለ ጻፈ። እኔ ደግሞ የተከለከለ እቃ ለወሎ ወጣት የማስተዋውቅ ሰው ተባልኩ። መልስ 5 ለእኔ ተቆርቁሮ ገባ። ጥያቄው ስለ ፍሳሽ እንጂ ስለ ሕግ አይደለም አለና መልስ 4ን በማይገባ ቃል ጎነጠው። መልስ 6 ሁለቱንም አበረደ። ይኸው አዋጅ ሺሻን እንደሚከለክል፣ ዕድሜው ከ21 በታች ለሆነ ሰውም ትምባሆ መሸጥን እንደማይፈቅድ አስታወሰን።

እኔ የማምነው መልስ 4 የያዘው እውነት መሆኑን ነው። አነጋገሩ ቢያመኝም መጀመሪያውኑ ልጽፈው ይገባኝ ነበር። ጥያቄዬን አስተካክዬ ሕጉን ከላይ አስገባሁ። ነጥቡንም ወደ 6 አወረድኩ። ይህ ለማስደሰት የተደረገ አይደለም። ኮይል የሚያልቅ ነገር ነው። ሲያልቅ ከሱቅ በሕግ የማይገዛ ከሆነ፣ ይህች እቃ እዚህ አገር ዕድሜዋ በእጄ ባለው ኮይል ልክ ነው። ዱባይ ሆኖ የሚመዝናት ሰው ይህን ላያየው ይችላል። ደሴ ሆኖ የሚመዝን ግን መጀመሪያ ሊያየው የሚገባው እሱን ነው።

መልስ 7 ሚኒባሱ ውስጥ እንደምስብ ጠየቀኝ። በፍጹም። ሰው ጭኜ ሲጋራም አጭሼ አላውቅም። መልስ 8ን አልፈዋለሁ፤ ስድብ ብቻ ነው።

መልስ 9 ላይ ነው ያልጠበቅኩት ነገር የመጣው። ሐይቅ ከተማ አካባቢ ፊዚክስ የሚያስተምሩ መምህር ናቸው። ከመመለሳቸው በፊት ጠየቁኝ፤ የት ነው የምሞላው፣ ስነሳ ፖዱ ምን ያህል ይጎድላል፣ ኪሴ ውስጥ ቆማ ነው ተኝታ? ኮምቦልቻ እንደምሞላት፣ ተራ ስጠብቅ ግማሹን እንደምጨርሰው፣ ከዚያ ኪሴ ውስጥ ቀጥ ብላ እንደምትቆም ነገርኳቸው።

ያኔ ስለ ሃይላንድ አነሱ። ሾፌር ሁሉ የሚያውቀው ነገር ነው። ደሴ ላይ ጠጥተህ ክዳኑን አጥብቀህ የዘጋኸው የውሃ ሃይላንድ፣ ኮምቦልቻ ስትደርስ ጎኑ ገብቶ ይጨማደዳል። ኮምቦልቻ የዘጋኸው ደግሞ ደሴ ላይ ተወጥሮ ሲከፈት ትስ ይላል። ስንት ዓመት ሳየው ኖሬ ከኪሴ ጋር አላገናኘሁትም! ኮምቦልቻ ወደ 1,850 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፤ ደሴ ወደ 2,500። መምህሩ እንዳሰሉት በዚህች 25 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ የአየሩ ግፊት 8 በመቶ ያህል ይቀንሳል። ፖዱ ግማሽ ከሆነ ውስጡ 1 ሚሊ ሊትር አየር አለ። ያ አየር ወደ ላይ ስንወጣ ይለጠጥና ፈሳሹን ይገፋዋል። ፈሳሹ መውጫው በኮይሉ በኩል ብቻ ነው። የሚወጣውም 0.08 ሚሊ ሊትር ገደማ፣ ማለትም ወደ ሁለት ጠብታ ነው። ሸሚዜ ላይ የማገኘው ልክ ያንን ነው።

መድኃኒቱም ከዚያው ይመጣል። ወይ ዳገቱን ከመጀመርህ በፊት ሙሉ አድርገህ ትሞላለህ፣ የሚለጠጥ አየር እንዳይኖር። ወይ ደግሞ ዘቅዝቀህ ትይዛታለህ፤ ያኔ ኮይሉ አጠገብ የሚሆነው አየሩ ነውና አየር ብቻ ይወጣል።

መልስ 10 እና 11 ይህን አጸኑት። አንዷ እህት ኮምቦልቻ የገዛችው የድንች ቺፕስ ከረጢት ደሴ ላይ እንደ ፊኛ እንደሚነፋ ነገረችን። መልስ 12 ግን አልተዋጠለትም። ጥፋተኛው የኮምቦልቻ ሙቀት ነው፣ ፈሳሹን ያቀጥነዋል ባይ ነው። መምህሩም ትንሽ ቆጣ ብለው መለሱ። ሙቀት ቢሆን ኖሮ የምታፈሰው እዚያው ኮምቦልቻ በሆነ ነበር። እኔ ግን የመልስ 12 ነገር ባዶ አይመስለኝም። ደሴ ጉም ባለበት ጠዋት ፈሳሹ ወፍሮ ጥጡ ውስጥ ቶሎ አይገባም። ሁለቴ የማረር ጣዕም የመጣብኝ እንደዚያ ባለ ጠዋት ነው። አሁን ሌሊት ውጭ መኪና ውስጥ አልተዋትም።

መልስ 13 ስለ ባትሪዋ ነው፤ አጭርና ጠቃሚ። 690 ሚሊ አምፒር ሰዓት በ3.7 ቮልት 2.5 ዋት ሰዓት ገደማ ይሆናል። በ15 ዋት ሳያቋርጡ ቢስቡ 10 ደቂቃ ማለት ነው። ሦስት ሦስት ሰከንድ ሲከፋፈል 200 ስበት ይሆናል። በደብተሬ ላይ ያለውም ከዚህ ብዙ አይርቅም፤ ጠዋት ቻርጅ ካደረግኳት ማታ ድረስ ትወስደኛለች።

ቀጥሎ ያለው ክፍል በጣም ያስጨነቀኝ ነው። መልስ 14 አንድ ወጣት ፈሳሽ ሲያልቅ ከሱቅ የቆዳ ግሊሰሪን ገዝቶ፣ ለሽታና ለጤና ጥቁር አዝሙድ ዘይት ጠብ አድርጎ መሙላት ይቻል እንደሆነ ጠየቀ። በቅን ልቡና ነው የጠየቀው። እኛ ቤት ጥቁር አዝሙድ የማይገባበት ነገር የለም። ሦስት ሰዎች ጥያቄውን ወደዱለት።

መልስ 15 ላይ አንዲት ሲስተር ገቡ። እሳቸው የጻፉትን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ዘይት ለሆድ ይሆናል እንጂ ለሳንባ አይሆንም። እንፋሎት ሆኖ የገባ ዘይት ሳንባ ውስጥ ተቀምጦ የሳንባ ምች ሊያስከትል ይችላል። የቆዳ ግሊሰሪንም ለቆዳ እንጂ ለመሳብ አልተዘጋጀም። ዋናው ፈሳሽ ፕሮፒሊን ግላይኮል፣ ግሊሰሪን፣ ኒኮቲንና ማጣፈጫ ነው፤ ዘይት የለበትም። ልጁ መልስ 16 ላይ አመስግኖ ሐሳቡን እንደተወው ጻፈ። ሲስተር፣ እግዜር ይስጥልኝ።

መልስ 17 እሳቸውን ተከትሎ እ.ኤ.አ. በ2019 አሜሪካ ውስጥ ቬፕ ሰው መግደሉን አነሳ። ሁላችንም የምንስበው ሞት እንደሆነም ፈረደብን። መልስ 18 አረመው። እ.ኤ.አ. እስከ የካቲት 2020 ድረስ 2,807 ሰዎች ታመው 68 መሞታቸው እውነት ነው። ከዚህ ጋር በጥብቅ የተያያዘው ግን ካናቢስ ያለበት ፈሳሽ ውስጥ የተጨመረ ቫይታሚን ኢ አሲቴት ነው። እሱም ቅባት ነው። መልስ 17 ይህን እንደ ማቃለል ቆጥሮት ተቆጣ፤ መልስ 18ም አልተመለሰም። ሁለቱ እየተመላለሱ መልስ 19ን ጨረሱት።

ሲስተር ተመልሰው የተናገሩት ለእኔ ሚዛኑን ያስያዘው ነው። እዚህ ውስጥ የሚነድ ነገር ስለሌለ የሲጋራው ሬንጅና ካርቦን ሞኖክሳይድ የለም። ኒኮቲኑ ግን አለ፤ ሱሱም ልብ ላይ ያለው ጫናም አለ። አጭሶ የማያውቅ ሰው እንዳይነካት፣ የሚያጨስ ሰው ደግሞ ሁለቱንም ይዞ እንዳይኖር አስጠነቀቁ። ከዚያ ቤት ውስጥ ልጆች እንዳሉኝና ብልቃጦቹን የት እንደማስቀምጥ ጠየቁኝ። ስልኩን ይዤ ተነሳሁ። ማዕድ ቤት መደርደሪያው ላይ፣ ከሚጥሚጣው ብልቃጥ ጎን ነበሩ። አንዷ ብልቃጥ ብቻዋን 200 ሚሊ ግራም ኒኮቲን ይዛለች። ለሕፃን አደገኛ ነው፤ ሽታው ደግሞ ከረሜላ ነው። በዚያች ሌሊት ቁም ሳጥን ውስጥ ቆለፍኩባቸው። ቁልፉ ከመኪናው ቁልፍ ጋር ነው ያለው።

መልስ 21 ከወረኢሉ የመጡ አያ ናቸው። ሲጋራን ያቆሙት በገብስ ቆሎ ነው፤ እጅ ሲበላው ወደ ኪስ መግባት ነው። ከዚህ በኋላ እስከ 24 ያለው ሁሉ ስለ ቆሎ ሆነ። ገብስ ከሱፍ ጋር ይሻላል ወይስ ከሽምብራ፣ ጥርስ ይሰብራል አይሰብርም፣ የየትኛው ወረዳ ገብስ ለቆሎ ይሆናል እየተባለ። ከርዕሱ ወጣችሁ ብዬ አልቆጣም። እኔም በማግሥቱ ገዝቼ ዳሽቦርድ ላይ አስቀምጫለሁ፤ ወረፋ ስጠብቅ ከምሬ ነው የሚረዳኝ።

መልስ 25 ደሴ ሸዋበር ያለ ነጋዴ ነው። የእኔ ሙከራ የሥራ ቀን ሙከራ ስለሆነ ለወሎ አይበቃም፣ በርጫ ላይ መታየት አለባት ባይ ነው። ልክ ነው፣ ደብተሬም ይመሰክራል። ከመጀመሪያው በቀር ሌሎቹ ኮይሎች 9 እና 10 ቀን ሲቆዩ አንደኛው በ3 ቀን አልቋል። በዚያ ሳምንት ሁለት ቀን ቅሜ ነበር። ምርቃናው ሲመጣ እጅ ከአፍ አይወርድም። ጥጡ ፈሳሹን መልሶ ለመምጠጥ ትንሽ ፋታ ይፈልጋል፤ ፋታ ካልተሰጠው ይደርቅና ያራል። መልስ 26 በስበትና በስበት መካከል 20 ሰከንድ መቁጠርን መከረ። መልስ 27 በርጫ ላይ ሰከንድ የሚቆጥር ሰው እስካሁን እንዳላየ ነገረው። የኔም ሐሳብ ከ27 ጋር ነው። የቀሩት ሲጋራዎቼም አብዛኞቹ የዚያ ቀን ናቸው። ይህንን ምንም ኮይል አይፈታውም። ሦስት ሳምንት ሆነኝ በርጫ ሳልቀመጥ።

መልስ 28 ኮይል በርካሽ እንዳለው፣ የሚፈልግ በውስጥ መስመር እንዲያናግረው ጻፈ። ሰው ሁሉ ወረደበት፤ ከሁሉ በፊት መልስ 4። አስተዳዳሪውም ወዲያው አነሳው። እውነቱን ልናገር፣ ከመነሳቱ በፊት ጣቴ ስሙ ላይ ቆሞ ነበር። አልነካሁትም። ሕጉ አንድ ነገር ነው። ሌላው ደግሞ ከየት እንደመጣ የማይታወቅ ብረት አግዬ ወደ ሳንባዬ አላስገባም። መልስ 29 አሮጌውን ኮይል ከፍቶ የፋርማሲ ጥጥ መክተትን አሰበ። የስልክ ጠጋኙ ወንድማችን ሞክሮት ነበር፤ ሁለት ስበት ሳይሞላ አረረ።

መልስ 30 ላይ መምህሩ የሙከራውን ውጤት ጠየቁኝ። መልስ 31 የእኔ ነው። ስድስት ጊዜ ሐረጎን ወጣሁ፤ በየጊዜው ከእቃዋ ሥር አዲስ ሶፍት ጠቅልዬ። በሁለቱ ግማሽ አድርጌ ቀጥ ብላ ቆመች፤ ሁለቱም ጊዜ ሶፍቱ ረጠበ። በሁለቱ ሙሉ አድርጌ አቆምኳት፤ አንዱ ደረቅ፣ አንዱ ላይ የምስር ፍሬ የምታህል ነጥብ። በመጨረሻዎቹ ሁለት ግማሽ አድርጌ ዘቀዘቅኳት። ደሴ መናኸሪያ ገብቼ ሞተር ሳላጠፋ ሶፍቱን ፈታሁት። ደረቅ ነበር፤ ሁለቱም ጊዜ።

20ው ሚሊ ግራም አልቆ ትናንት የ10ሩን ብልቃጥ ከፍቻለሁ። ሦስት ኮይል ቀርቶኛል። እህቴ ሌላ ልላክ ብላ ጠይቃኝ ነበር፤ እንዳትልክ ነግሬያታለሁ።